የውርስ ቤት ካርታ፦ የአንድ ዶሴ የሥራ ማስታወሻ ከጎንደር

ዶሴው

ሟች አባት ናቸው። መደበኛ መኖሪያቸው ጎንደር ከተማ ስለነበር ውርሱ የሚከፈተው እዚሁ ነው፤ አቤቱታውም የሚቀርበው እዚሁ ላለው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ባለቤታቸው በሕይወት አሉ። ልጆች አራት ናቸው፤ አንደኛው ከአባቱ ቀድሞ አርፎ ሁለት ልጆች ትቷል፣ ትንሿ 14 ዓመቷ ነው። አንዷ ልጅ አሜሪካ ትኖራለች፣ ዜግነቷንም ቀይራለች። የቀሩት ሁለቱ እዚሁ ናቸው። ቤተሰቡ ንብረት ብሎ የቆጠረው ሦስት ነገር ነው፦ ማራኪ ክፍለ ከተማ ያለው መኖሪያ ቤት ከነሱቁ፣ ፒያሳ ያለው የንግድ ቤት፣ ደንቢያ ያለው የእርሻ መሬት።

በዚህ ሥራ ካርታው አስቀድሞ ይነበባል፣ ይጣራል፤ ፍርድ ቤቱና ክፍፍሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ብዙ ቤተሰብ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ወራሽነት ያወጣል፣ ድርሻውን በሽማግሌ ይነጋገራል፣ በመጨረሻ ስም ለማዛወር መሬት አስተዳደር ሲደርስ የስም ፊደል አይገጥምም፣ ስፋቱ ይለያል፣ ያልተነሳ የባንክ እገዳ ይገኛል። ያኔ የፍርድ ቤቱም ወረቀት፣ የሽማግሌውም ስምምነት እንደገና ይሠራል።

ሚያዝያ፤ አርባው ሳይወጣ

አርባ ሳይወጣ ስለ ቤት ማንሳት በአገሩ ነውር ነው፤ መከበርም አለበት። ጊዜ የማይሰጡ ሥራዎች ግን አሉ። የሞት ምዝገባ አንዱ ነው፤ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለመዝጋቢው የሟች መታወቂያና የአስመዝጋቢው መታወቂያ ይቀርባል፤ ሐኪም ቤት ያረፈ ከሆነ የሐኪም ቤቱ ወረቀት ይጨመራል። መዝጋቢው ስሙን የሚገለብጠው ከፊቱ ከተቀመጠው መታወቂያ ነው። ስለዚህ የካርታውን ፎቶ ኮፒ ይዞ ሄዶ ሁለቱ ስሞች ይመሳሰሉ እንደሆነ እዚያው ማየት ነው። ልዩነት ካለ በዚያው ሰዓት ማወቅ ወራት ያተርፋል።

ሁለተኛው የሱቁ ኪራይ ነው። ከሞቱበት ቀን ጀምሮ የሚገባው ገንዘብ የማንም የግል ገንዘብ አይደለም። አንድ ደብተር ተከፈተ፤ ቀን፣ መጠን፣ ከማን እንደተቀበሉ፣ ለምን እንደወጣ ይጻፍበታል፤ ሁለት ሰው ይፈርምበታል። ወንድማማች የሚጣላው በአብዛኛው በቤቱ ሳይሆን በዚህች ኪራይ ነው።

ሦስተኛው የቀብር ወጪ ደረሰኝ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውርሱ ዕዳ ሲከፈል መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይመጣል። ተዝካር ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ አንዱ ልጅ ለተዝካር ብዙ አውጥቶ ከቤቱ ላይ ይታሰብልኝ ሲል መከልከል ቅያሜ ያመጣል።

ሚያዝያ መጨረሻ፤ ሣጥኑ

ሟች ወረቀቶቻቸውን ያስቀመጡበት ሣጥን ሲከፈት ባለቤታቸው፣ ከልጆቹ ሁለቱ እና ከቤተሰቡ ውጭ የሆኑ አንድ የእድር ሰው ተገኙ። እያንዳንዱ ወረቀት ከጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተሰጠው፤ በእስክሪብቶ አይጻፍም። ፊቱም ጀርባውም በቀን ብርሃን ፎቶ ተነሣ፤ ጀርባው የሚዘነጋ ነው፤ የባንክና የፍርድ ቤት ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን እዚያ ነው። የዛገ ስቴፕል አይጎተትም፤ እግሮቹ በቀጭን ቢላ ቀና ተደርገው ይነሣሉ። የተቀደደ ወረቀት በፕላስተር አይለጠፍም፤ ፕላስተሩ ሲያረጅ ይቢጫል፣ ሲነሣም ቀለሙን ይዞ ይሄዳል።

ላሚኔት ማድረግ ከሁሉም የከፋው ነው። ሰዎች ካርታን ለመጠበቅ ብለው በፕላስቲክ ያስጠርዙታል። ስም ሲዛወር ዋናው ካርታ ተመላሽ ሆኖ መሰረዙ ሊጻፍበት ይገባል፤ ፕላስቲክ ላይ ግን ማህተም አይያዝም፣ የድሮውም ማህተም እውነተኛነት ለማየት ያስቸግራል። የጎንደር ክረምት ርጥበት አለው፤ ቆርቆሮ ሣጥን ከግድግዳ ተጠግቶ ሲቀመጥ ውስጡ ያልባል። ካርታው ሳይታጠፍ በጠንካራ ክላሰር ተደርጎ ከመሬት ከፍ ካለ ደረቅ ቦታ ተቀመጠ።

ከሣጥኑ የወጡት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ በ1984 የተሰጠ የቦታ ምሪት ደብዳቤ፤ በ1986 የተሰጠ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ከነሳይት ፕላኑ፣ 250 ካሬ ሜትር፣ በባል ስም ብቻ፤ የዋናው ቤት የግንባታ ፈቃድ (ሱቁ የለበትም)፤ የቦታና የቤት ግብር ደረሰኞች፣ መካከል ላይ የጎደሉ ዓመታት ያሉባቸው፤ የ1975 የጋብቻ ወረቀት፤ በ1994 ከባንክ ጋር የተደረገ የብድርና የመያዣ ውል፤ የፒያሳው ቤት የኪራይ ውል፤ የደንቢያው አረንጓዴ ደብተር (የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ)።

የፒያሳው ቤት እዚሁ ላይ ከዝርዝሩ ወጣ። ውሉ የቀበሌ ቤት የኪራይ ውል ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉ ብዙ ቤቶች በዚህ ሁኔታ ተይዘዋል። ቤተሰቡ አርባ ዓመት ስለተቀመጠበት «የአባታችን ቤት» ይለዋል፤ ነገር ግን የሟች ሀብት አይደለም። የተከራይነት ጉዳይ ከአከራዩ መሥሪያ ቤት ጋር ለብቻው የሚታይ ነው። በክፍፍል ስምምነት ውስጥ ማስገባት ስምምነቱን ሙሉ ያበላሸዋል፤ ያን «ድርሻ» የወሰደው ልጅ በኋላ ምንም እንዳልያዘ ሲያውቅ ክፍፍሉ ይፍረስ ብሎ ይመጣል።

በዚህ አጋጣሚ፦ ቤቱ ፋሲል ግቢ አጠገብ የሚሆንባቸው ዶሴዎች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በዙሪያው ያለ ቦታ ሲገመት ፎቅ ይሠራበታል ተብሎ መታሰብ የለበትም። የቅርስ ጥበቃውን ክልል ከፕላን ክፍል ሳያጣሩ ዋጋ አውጥቶ አንዱ ወራሽ የሌሎቹን ድርሻ በገንዘብ እንዲተካ ማድረግ ያንን ወራሽ መጉዳት ነው።

ግንቦት፤ ካርታውን ማንበብ

በጽሑፍ ጥያቄ የቤቱ ማኅደር ከመሬት አስተዳደሩ መዝገብ ቤት እንዲወጣ ተደርጎ እጅ ያለው ካርታ ማኅደሩ ውስጥ ካለው ጋር መስመር በመስመር ተነበበ፦ ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ ቀን፣ ስፋት፣ የይዞታው ዓይነት፣ የቦታው አገልግሎት፣ አራቱ አዋሳኞች፣ የፈራሚው ቲተርና ክብ ማህተሙ። አምስት ነገር ተገኘ።

ስም። በካርታው ላይ የአያት ስም «ወ/ማርያም» ነው፤ በመታወቂያው «ወልደማርያም»፤ በሞት ምስክር ወረቀቱ «ወልደ ማሪያም»። ለሰው አንድ ነው፤ ስም ለሚያዛውር ባለሙያ ግን ሦስት ነው፤ ፊርማው የሚያስጠይቀው እሱን ነውና መጠንቀቁ ትክክል ነው። የ«ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እና የ«ሰ፣ ሠ» ልዩነትም እንዲሁ ያጋጥማል። የተለመደው መፍትሔ ከቀበሌ የስም አንድነት ደብዳቤ ማጻፍ ነው። የተሻለው ግን ጥያቄውን በወራሽነት አቤቱታው ውስጥ ማካተት ነው፦ «በካርታ ቁጥር እዚህ ላይ እንዲህ ተብለው የተጻፉትም እኚሁ ሟች መሆናቸው ተረጋግጦ በውሳኔው ይገለጽልን» ይባላል። በዚህ አንድ ውሳኔ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ደብዳቤን የሚጠራጠር መሥሪያ ቤትም ውሳኔን ተቀብሎ ያስተናግዳል።

ስፋት። ካርታው 250 ካሬ ሜትር ይላል፤ ቤተሰቡ በሜትር ለክቶ 271 አገኘ። ጭቅጭቅ ከመነሣቱ በፊት አለካኩ ታየ። ግቢው ቁልቁለት ነው፤ በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር ይወርዳል። ሜትሩ መሬቱ ላይ ተለጥፎ ስለተለካ በዚያ አቅጣጫ 20 ሜትር የተባለው በአግድም 19.4 ሜትር ብቻ ነው። የቦታ ስፋት የሚቆጠረው በአግድም ነው። ስለዚህ 271ዱ ወደ 263 ይወርዳል። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ሜትሩን ወጥሮ አግድም መያዝ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ቱንቢ ጥሎ ነጥቡን መሬት ላይ ምልክት ማድረግ፣ ቁልቁለቱ ሲበዛ ከ5 ሜትር በማይበልጥ እየቆረጡ እንደ ደረጃ መውረድ ነው። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ካልሆኑ ርዝመት በስፋት ማባዛት አይሠራም፤ አንዱን ሰያፍ ለክቶ ግቢውን ለሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች መክፈልና ለየብቻ ማስላት ነው።

የቀረችው 13 ካሬ ሜትር ከታችኛው አጥር በኩል ነች፤ አጥሩ ወደ መንገዱ ተገፍቷል። ይህ ትርፍ ይዞታ ነው። የሚወሰነው በመሬት አስተዳደሩ ቀያሽ ልኬት እንጂ በቤተሰብ ሜትር አይደለም፤ የመንገድ ክልል ውስጥ ከሆነም ይቆረጣል። ስለዚህ ማንኛውም የድርሻ ስሌት በ250 ላይ ብቻ ይሠራል ተብሎ ከሁሉም ጋር ተስማማን። አስቀድሞ 263 ብሎ ማካፈል ያልተሰጠ መሬት ማካፈል ነው።

አዋሳኞች። በ1986 የተጻፉት ጎረቤቶች ሁለቱ አሁን የሉም፤ ቦታቸው ተሸጧል። ለቀያሹ የአሁኖቹ ስምና ድንበሩን አምነው የፈረሙበት ወረቀት ተዘጋጀ። ጎረቤትን ከልኬቱ በፊት ማናገር ይቀላል፤ ቀያሹ ቆሞ እየጠበቀ የሚደረግ የድንበር ክርክር ልኬቱን ያስቀራል።

መያዣ። የ1994ቱ ብድር ስለመከፈሉ ደረሰኝ አለ፤ ማኅደሩ ውስጥ ግን እገዳው እንዳለ ነው፤ የማንሻ ደብዳቤ የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመያዣ ምዝገባ ውጤቱ ለ10 ዓመት ነው፤ ነገር ግን ማኅደሩ ላይ እገዳ እያለ ስም አይዛወርም፣ ስለዚህ በ10 ዓመቱ ማለፍ መተማመን አይበቃም። ባንኩ የማንሻ ደብዳቤውን የሚጽፈው ወራሽ ሲጠይቅ ነው፤ ወራሽነቱ ገና አልወጣም። አሁን የሚሠራው ሒሳቡ መዘጋቱን ጠይቆ የድሮው ማኅደር እንዲፈለግ ማመልከት ብቻ ነው። የዚያን ዘመን የወረቀት ማኅደር ፍለጋ ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄው ዛሬ ይግባ፤ ደብዳቤው በኋላ ይወጣል።

ሱቁ። ፕላኑ ላይ የለም፣ ፈቃድም የለውም። ሕጋዊ የማድረጉ ጥያቄ ራሱን የቻለ ማመልከቻ ነው፤ ስም ከማዛወሩ ጋር አይያያዝ። ሁለቱን አንድ ላይ ያቀረበ ሰው በሱቁ ምክንያት ስም ዝውውሩም ይቆምበታል።

ግንቦት መጨረሻ፤ ኑዛዜ

የተፈለገው በሣጥኑ፣ በነፍስ አባታቸው ዘንድ፣ በእድሩ እና በውልና ማስረጃ ነው። አልተገኘም። ቢገኝ ኖሮ ፎርሙ መጀመሪያ ይታይ ነበር፦ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡና ይህም ሥርዓት መፈጸሙ ከነቀኑ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ አለበት። ምስክሮች ፈርመው መነበቡ ያልተጻፈበት ኑዛዜ ብዙ ነው፤ ፈራሽ የሚሆነውም በዚህ ነው።

ሰኔ፤ የእናት ግማሽ

ከሁሉ በላይ ሊሠመርበት የሚገባው ይህ ነው። «እናታችን ከልጅ እኩል ትካፈላለች አይደል?» ብለው ልጆቹ ጠየቁ። አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልም ሚስትም አንዱ የሌላው ወራሽ አይደሉም፤ ኑዛዜ ካልተደረገ በቀር። እናት የምትወስደው በውርስ አይደለም፤ የጋራ ሀብት ተካፋይ በመሆኗ ግማሹ ከመጀመሪያም የራሷ ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ብቻ መመዝገቡ ይህን አይለውጠውም። ጋብቻው 1975፣ ምሪቱ 1984፣ ካርታው 1986። ስለዚህ የ1975ቱ የጋብቻ ወረቀት በዚህ ዶሴ ከካርታው ያላነሰ ክብደት አለው።

ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። ከቤቱ ½ የእናት ነው። ውርሱ የቀረው ½ ብቻ ነው። ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ከአራቱ ለእያንዳንዱ ⅛። ቀድሞ የሞተው ልጅ ድርሻ ለልጆቹ በመተካት ይተላለፋል፤ ለሁለቱ የልጅ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 1/16። ሲደመር ½ + ⅜ + 2/16 = 1። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ቢኖር እንደማንኛውም ልጅ እኩል ነው፤ ከአቤቱታው መደበቅ የወራሽነት ማስረጃውን ለስረዛ ያጋልጣል።

አንዳንድ ሰዎች «እናት በሕይወት እያለች ቤት አይከፈልም» ብለው ካርታውን በሟች ስም ይተዉታል። ቤቱን አለመክፈሉ መልካም ነው፤ ወረቀቱን መተው ግን አይደለም። አሁን ከተተወ እናት ሲያርፉ ሁለት ውርስ ተደርቦ ይመጣል፤ ምስክር የሚሆኑት ሽማግሌዎች ያልፋሉ፣ የልጅ ልጆች ይበዛሉ። ጊዜውም ይቆጠራል፦ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል፤ የመጨረሻው ወሰን ደግሞ 15 ዓመት ነው። እናት ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ፣ ግማሹም በስማቸው ይጻፋል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሰኔ፤ አቤቱታው

ከአቤቱታው ጋር የተያያዙት፦ ቃለ መሐላ፣ የሟች የሞት ምስክር ወረቀት፣ ቀድሞ የሞተው ልጅ የሞት ማስረጃ፣ የልጆቹና የልጅ ልጆቹ የልደት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የካርታው ኮፒ፣ የምስክሮች ዝርዝር። ቀድሞ የሞተውን ልጅ ሞት አለማስረዳት የተለመደ ጉድለት ነው፤ መተካት የሚፈቀደው ወላጁ መሞቱ ሲረጋገጥ ነውና። ምስክሮቹ የድርሻ ጥቅም የሌላቸው፣ ሟችንም ልጆቻቸውንም በስም የሚያውቁ ጎረቤቶችና የእድር ሰዎች ናቸው። «ስንት ልጅ ነበራቸው?» ተብለው ሁሉንም በስም መዘርዘር ካልቻሉ ምስክርነቱ ይላላል።

ለ14 ዓመቷ ልጅ እናቷ ሞግዚትነቷን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረበች። ልጅቷ ያለችበት ክፍፍል በቤተሰብ ስምምነት ብቻ አይዘጋ፤ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይጽደቅ። አካለ መጠን ስትደርስ ልታፈርሰው የምትችለው ስምምነት ለማንም አይጠቅምም።

ለአሜሪካዋ ልጅ ውክልና ያስፈልጋል። የውክልናው ጽሑፍ ከዚህ ተዘጋጅቶ ተላከላት፤ እዚያ ሲጻፍ ጠቅላላ ስለሚሆን። «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። እሷ ሽያጭ አልፈለገችም፤ ስለዚህ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ በፍርድ ቤት ወራሽነት መጠየቅ፣ የክፍፍል ስምምነት መፈረም፣ በመሬት አስተዳደር ስም ማዛወር፣ ካርታ መረከብ። ኤምባሲ ቀርባ ትፈርማለች፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ በውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ፓስፖርቷ ላይ የባሏ ስም ገብቷል፤ የድሮውና የአሁኑ ስም የአንድ ሰው መሆኑ በውክልናው ውስጥ ተጠቀሰ። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድም አብሮ ይቀርባል፤ ዜግነቷን የለወጠች ወራሽ የማይንቀሳቀስ ንብረት በስሟ የምትይዘው በዚያ መታወቂያ ነው።

ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ አዘዘ። በክልላችን እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በበኩር ጋዜጣ ይወጣል። ጋዜጣው እንደወጣ ሙሉ ቅጂው ተገዝቶ ለመዝገቡ ገባ፤ የተቆረጠ ገጽ ቀኑን አያሳይም። የክረምቱ የፍርድ ቤት እረፍት እየቀረበ ስለሆነ ቀጠሮው ወደ ጥቅምት ተሻገረ። በሰኔ የሚቀርብ አቤቱታ ይህን ይጠብቅ።

ሐምሌና ነሐሴ

የጎደሉት ዓመታት ግብር ተጣርቶ ተከፈለ፤ ደረሰኙ አሁንም በሟች ስም ነው፤ ትክክልም ነው። ደረሰኙን በአንዱ ልጅ ስም ማስቆረጥ በኋላ «ግብር የከፈልኩት እኔ ነኝ» የሚል ክርክር ይፈጥራል።

ጥቅምት፤ ውሳኔው

የወራሽነት ማስረጃው ወጣ። ወረቀቱ የሚናገረው ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ነው፤ የትኛው ንብረት የማን እንደሆነ አይናገርም። ወራሽነት ያወጣ ሰው ቤት ያገኘ ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም።

ግልባጩ ከመዝገብ ቤት ሲወጣ እዚያው ቆሞ ይነበባል፦ የሁሉም ወራሽ ስም ከነአያት፣ የሟች ስም በሦስቱም አጻጻፍ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ በየገጹ ማህተም። በአንደኛው የልጅ ልጅ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር፤ የጽሕፈት ስህተት እንዲታረም በዚያው መዝገብ ተጠይቆ ታረመ። ማህተም ያለው ግልባጭ ለመሬት አስተዳደር፣ ለባንክ፣ ለገቢዎች፣ ለደንቢያ፣ ለቤተሰቡ ማኅደር አንዳንድ ወጣ። ፎቶ ኮፒ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

በዚሁ ሳምንት ግልባጩ ለባንኩ ገባ፤ በግንቦት የተጠየቀው ማኅደር ተገኝቶ ስለነበር የእገዳ ማንሻ ደብዳቤው ወጣ። ደብዳቤው የተጻፈው ለመሬት አስተዳደሩ ነው፤ ወጪ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ገቢ መሆኑ ቀሪው ላይ ማህተም ተደርጎበት ተመለሰ።

ኅዳር፤ ስምምነቱ

250 ካሬ ሜትር በስድስት ሰው አይከፈልም። ቁራጭ ቦታ መግቢያ መንገድና በከተማው ፕላን የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ስፋት ማሟላት አለበት። ሁለት መንገድ ነበር፦ አንዱ ወራሽ ቤቱን ወስዶ ለሌሎቹ በገንዘብ መተካት፣ ወይም በጋራ ስም መያዝ። ቤተሰቡ እናት እስካሉ በጋራ መያዙን መረጠ።

የጋራ ካርታ ሲወሰድ ሕጉ ምን እንደሚያስከትል ለሁሉም ተነበበ። መላውን ቤት መሸጥም ሆነ በመያዣ መስጠት የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ድርሻውን ለውጭ ሰው ሊሸጥ ቢነሣ የጋራ ባለሀብቶቹ ቅድሚያ የመግዛት መብት አላቸው። ማንኛውም ወራሽ ክፍፍል የመጠየቅ መብት አለው። ስምምነቱ ውስጥ ደግሞ ሕጉ የማይጽፈው ተጻፈ፦ የሱቁ ኪራይ ለእናት መኖሪያ እንዲውል፣ ጣሪያ ሲጠገን ወጪው በድርሻ እንዲከፈል፣ ዋናው ካርታ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ የተያዘው የኪራይ ደብተር ታይቶ ሒሳቡ መዘጋቱ።

የሰነዱ ርዕስ «የውርስ ድርሻ ማረጋገጫና የጋራ ይዞታ ስምምነት» ነው። ርዕስ ትልቅ ነገር ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (ወደ ሊዝ ሥርዓት ሳይገባ የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ እንደሚገባ ደንግጓል። ይህ ቦታ ነባር ይዞታ ነው። በውርስ የሚተላለፈውን ቤት አንዳንድ ጸሐፊዎች ከልማድ «የሽያጭ ውል» ወይም «የስጦታ ውል» ብለው ያዘጋጁታል፤ ያኔ ቤተሰቡ ያልነበረበትን የሊዝ ክፍያና ታክስ ጥያቄ ይጋፈጣል። በእርግጥ ሽያጭ የሆነውን ደግሞ ክፍፍል ብሎ መሰየም አይገባም፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ወራሽ ላልሆነ ሰው ወይም ከድርሻ በላይ ለሆነ ነገር ከሆነ ሰነዱ እውነቱን ይናገር።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት። ሁሉም ወራሾች፣ ወኪሉና ሞግዚቷ በአንድ ቀን ፈረሙ፤ የልጅቷን ድርሻ የሚመለከተው ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ጸደቀ።

ታኅሣሥ፤ ስም ዝውውሩ

የገባው ማኅደር፦ ማመልከቻ፣ ዋናው የ1986 ካርታ ከነሳይት ፕላኑ፣ የወራሽነት ውሳኔ ግልባጭ፣ የተመዘገበው ስምምነት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የእገዳ ማንሻው ቀሪ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የውክልናውና የሞግዚትነቱ ሰነድ፣ የሁሉም መታወቂያና ጉርድ ፎቶ። ዋናው ካርታ ሲሰጥ ማህተም የተደረገበት መረከቢያ ሳይቀበሉ መውጣት የለም። ቀያሹ መጥቶ ለካ፤ ትርፏ መሬት ለብቻዋ እንድትታይ ተብሎ ዝውውሩ በ250 ቀጠለ። የአገልግሎትና የቴምብር ክፍያው ሲሰላ በምን ግምት ላይ እንደተሰላ ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የጋራ ሀብት የሆነው የእናት ግማሽ በውርስ የሚተላለፍ ስላልሆነ ስሌቱ በሙሉ ቤቱ ላይ ከመጣ ይህን በማመልከቻ ማንሣት ተገቢ ነው።

አዲሱ ካርታ መስኮቱ ላይ ሳለ የሚታዩት፦ ስድስቱም ስሞች ከነድርሻቸው (½፣ ⅛፣ ⅛፣ ⅛፣ 1/16፣ 1/16) መጻፋቸው፣ «ነባር ይዞታ» የሚለው አለመለወጡ፣ አገልግሎቱ፣ ስፋቱ፣ አዋሳኞቹ፣ ማህተሙ። ድርሻው ካልተጻፈ የጋራ ባለሀብቶች እኩል ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ የእናት ግማሽ ስድስተኛ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በመጀመሪያው እትም ላይ ስሞቹ ብቻ ነበሩ፤ ከመፈረሙ በፊት ተመልሶ ድርሻው ተጻፈበት።

ከዚያ የግብር መዝገቡ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ስም ተለወጠ። የሱቁ የማስተካከያ ማመልከቻ በአዲሱ ካርታ ኮፒ ገባ።

ደንቢያ

የእርሻ መሬቱ በዚህ ሁሉ ውስጥ አልገባም። የገጠር መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው፤ የሚመራውም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 እንጂ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የእኩል ድርሻ ስሌት አይደለም። አረንጓዴ ደብተሩ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አለበት፤ እናት እዚያ ላይ ከመጀመሪያውም ባለይዞታ ናቸው። የሟች ድርሻ የሚጠየቀው መሬቱ ባለበት ቀበሌ የመሬት ኮሚቴና በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። የሚያስፈልጉት ደብተሩ፣ የወራሽነት ግልባጩ፣ መሬቱን አሁን ማን እያረሰ እንደሆነ የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃና የእኩል አራሹ ውል ናቸው። ውሉ በቃል ብቻ ነው፤ ከጥር አዝመራ ርክክብ በፊት በጽሑፍ እንዲሆን ለአራሹ ተነግሯል። ማመልከቻው የጥምቀት ሰሞን ካለፈ በኋላ ይገባል።